ሱፐርቫይዘሩ ያሉበት ግሩፕ

እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ አዲስ የተቀጠረ መምህር ብቸኝነቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በሩን ዘግቶ ያስተምራል፣ ምሳውን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይበላል፣ ሲጨርስ መኪናውን አስነስቶ ወደ ቤቱ። የጎረቤት ክፍል መምህር "ሃይ" ብሎት ያልፋል። ሻይ ጋብዞ "ልጆቹ አስቸገሩህ እንዴ?" የሚለው ሰው ብርቅ ነው። በረዳት መምህርነት ስሠራ በየዓመቱ የማየው ይህንን ነው።

ይህን ብቸኝነት ለመስበር ብዙዎቹ ትዊተር ላይ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት የትምህርት ሰዎች "ኤድቻት" የሚል ሀሽታግ ከፍተው ማክሰኞ ማክሰኞ መወያየት ጀመሩ። በዓመቱ ሊሳ ዳብስ የምትባል የቀድሞ ርዕሰ መምህርት ለጀማሪ መምህራን "ኤንቲቻት"ን አመጣች። አወያይዋ "ጥያቄ 1" ብላ ትለጥፋለች። የፈለገ ሰው "መልስ 1" ብሎ ይጽፋል። በሰዓቱ ያልቃል። ያኔ ትዊተር ከ140 ፊደል በላይ ስለማይፈቅድ ንግግር ማስረዘም የለም። (ይህ ሕግ ለኛ ስብሰባ ቢመጣ ስንቱ ተናጋሪ ሥራ ይፈታ ነበር!)

እኔን የገረመኝ ድፍረታቸው ነው። አንዲት ጀማሪ "ከምሳ በኋላ ያለው ክፍል ጨርሶ አይሰማኝም፣ ዛሬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ" ብላ በአደባባይ ትጽፋለች። በዓይኗ አይታው የማታውቀው የሌላ ስቴት መምህር "እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ነገ በሩ ላይ ቆመሽ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሽ አስገቢ" ይላታል። ማንም አይታዘባትም።

ወደ ሀገር ቤት ልምጣ። የእህቴ ልጅ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ስልኳ በቴሌግራም ግሩፕ ተጨናንቋል። የትምህርት ቤቱን ግሩፕ አሳየችኝ። "የሲፒዲ ዕቅድ ያላስገባችሁ መምህራን እስከ ዓርብ እንድታስገቡ" ይላል (ሲፒዲ የሚሉት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያውን ነው)። ከሥሩ "እሺ"፣ "እሺ"፣ አውራ ጣት፣ "እናመሰግናለን"። ወደ ላይ ብትሄዱም ያው ነው። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የልቅሶ መዋጮ።

"ለምን አትጠይቂም?" አልኳት።

"እዚህ?" ብላ ሳቀች። "አጎቴ፣ ርዕሰ መምህሩ አሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ አሉ፣ ከወረዳም ሰው አለ። ክፍል መቆጣጠር አቃተኝ ብዬ ልጻፍና በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ላግኘው?"

እውነቷን ነው። በወረቀት ላይማ ለጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለ፣ ሜንተር የሚባል አማካሪ መምህርም ይመደብለታል። በእሷ ትምህርት ቤት ግን ሜንተሩና እሷ የሚገናኙት ቅጽ ሲፈረም ነው። ያ ወረቀት ፖርትፎሊዮ ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

ታዲያ ሥራው የሚሠራው የት ነው? አለቃ በሌለበት፣ በባች ግሩፑ። አብረዋት የተመረቁት ልጆች ናቸው። ሲሪስና ፓራለል የሚባሉትን የኤሌክትሪክ ሽቦ አቀጣጠሎች ልታስተምር ነው፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው። ማታ ጠየቀች። አንዱ በድምፅ መለሰላት። "ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ከአሮጌ ቻርጀር የተላጠ ሽቦ። አንዱን አምፖል ንቀዪው። ሌላው ጠፋ አልጠፋ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሩሽ።" በማግስቱ ደግሞ ደውሎ "እንዴት ሆነልሽ?" አላት። ትዊተር ላይ ይህን የሚያደርግ አላየሁም። እዚያ ሰዓቱ ሲሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም የታተመው መጽሐፍ ሳይዳረስ ፒዲኤፉን ከመምህር መምህር ያዳረሰው ይኸው ቴሌግራም ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ሌሎቹ ሲታገዱ መምህሩ ቪፒኤን እየቀያየረ ለወራት ሲታገል ከርሟል።

የባች ግሩፕ ግን ችግር አለው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው የእህቴ ልጅ ባልደረባ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ሆና፣ የአምፖሉን ብልሃት አልሰማችም። በማን በኩል ትግባ? የድምፅ መልእክቱም በሳምንቱ በልደት ምኞትና በቀልድ ተቀበረ። ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የትዊተሩ ግን ለማንም ክፍት ነበር። ሀሽታጉን የጻፈ ሁሉ ያገኘዋል።

ክፍት መሆኑም ጣጣ አላጣውም። መጽሐፍ ሻጩና ሥልጠና ሻጩ ገብቶ "መልስ 1" እያለ ራሱን ያስተዋውቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢሎን መስክ ትዊተርን ሲገዛ ደግሞ ብዙ መምህራን ጥለውት ወጡ። አሁን አንዱ ብሉስካይ፣ አንዱ ፌስቡክ ላይ ነው። በኔ ትምህርት ቤት ያሉት ጀማሪዎች ቲክቶክ ያያሉ እንጂ ሲጠይቁ አላይም።

የእህቴ ልጅና ጥቂት ጓደኞቿ በቅርቡ የአካባቢውን የፊዚክስ መምህራን ብቻ የያዘ ግሩፕ ከፍተዋል። የየትም ምሩቅ ይገባል። ድምፅ የላከ ሰው ርዕሱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ሕግ አውጥተዋል። ሱፐርቫይዘሩ ሰምተው "እኔንም አስገቡኝ እንጂ" ብለዋቸዋል። "እሺ፣ ሊንኩን እንልካለን" አሏቸው። እስከ ትናንት አልላኩም።