ኢንሱሊን ከአሳማ ነው ለምትሉ

«ኢንሱሊን ከአሳማ ስለሚሠራ አልወጋም» የሚል ነገር ሲደጋገም አየሁ። ወሬው ከመሬት አልተነሳም፤ ድሮ ይህ የስኳር በሽታ መድኃኒት ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። ግን በ1978 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የሰውን የኢንሱሊን ጂን (ሰውነት ኢንሱሊን የሚሠራበትን መመሪያ) ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ከተው ኢንሱሊን አመረቱ። በ1982 አሜሪካ ለገበያ ፈቀደችው።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሸጠው እንዲህ የተሠራው ነው። ጂኑ የገባበት ባክቴሪያ ወይም እርሾ በትልልቅ ታንከር ውስጥ ስኳር እየበላ ይራባል፤ ኢንሱሊኑ ተጣርቶ ይወጣል። (የስኳር መድኃኒት በስኳር መመረቱ አይገርምም?)

ማረጋገጥ የፈለገ ካርቶኑንና ውስጡ ያለውን ወረቀት ያንብብ። «ሂዩማን ኢንሱሊን» (human insulin፣ የሰው ኢንሱሊን) እና «አር ዲ ኤን ኤ» (rDNA፣ በዚህ የጂን ዘዴ የተሠራ) ካለ ከአሳማ አይደለም፤ የአሳማው «ፖርሳይን» (porcine) ይላል። ግራ ከገባችሁ መርፌውን ሳታቋርጡ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት ያቃተው) ያለበት ሰው መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።