ሳያመኝ ሐኪም ቤት ምን ልሰራ?

አክስቴ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ነክታ ስምንት ወር ትንፍሽ አላለችም፣ ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ገበያ ትወጣለች ትገባለች። በኋላ ስንጠይቃት "አያመኝም እኮ" አለችን። ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው፣ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፣ እኛ መንዞች ደሞ ካልወደቅን ሐኪም ቤት አንሄድም። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትላክ ሽምብራዋ እንቁላል አክላ ነበር። ጠበልም ተጠምቃለች፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ ግን ጠበሉ ምርመራን አልከለከለም።

የማህፀን በር ካንሰር ደሞ የባሰ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ቀድሞ ማስቀረት ይቻላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሳያማት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ነርሷ ኮምጣጤ መሳይ ፈሳሽ ቀብታ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ችግር ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አለቀ። ላቦራቶሪ ምናምን የለም፣ ብዙ ጊዜ እዛው ይታከማል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ግን 30 እስኪሞላት መጠበቅ የለባትም። የኛ ሴቶች ታዲያ "ወልጄ ጨርሻለሁ ምኔን ልታይ" ይላሉ።

እኔ ምለው ምርመራው በገበያ ቀን ይሁን ነው። ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ ቅቤዋን ሸጣ አህያዋን ያሰረች ሴት "ማክሰኞ ተመለሺ" ከተባለች አትመለስም፣ ማን ይመለሳል?

የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ነበር፣ አሁን ከ9 እስከ 14 ላሉት አንድ መርፌ ብቻ ነው። "መካን ያደርጋል" የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ግን የሚከተበው በብዛት ትምህርት ቤት ስለሆነ ሜዳ ላይ በግ የምትጠብቀዋን ልጅ ማን ያስታውሳት?

ወንዶቹን ደሞ አንርሳ። ብርድ ለመስበር የምንጨልጣት አረቄ ለጉሮሮም ለጉበትም ካንሰር ታጋልጣለች፣ ይሄን ስል ጠላት እንደማፈራ አውቃለሁ። ሰገራ ላይ ደም ሲያዩ ሁሉም "ኪንታሮት ነው" ብለው ያልፉታል፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን የአንጀት ካንሰርም እንደዛ ይጀምራል። አጎቴ ዓመቱን ሙሉ ኪንታሮቴ ነው እያለ ነው። ቅዳሜ ይዤው ልሄድ ብለው "አህያዋን ማን ያይልኛል" አለኝ።