«ኮዱን ስልክዎ ላይ ልከናል» አሉኝ። የትኛው ስልኬ ላይ?

ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ፣ አመዴ ገበያ ሽንኩርት ስከራከር ተሞጨለፍኩ። ቦርሳዬን በምላጭ ሰንጥቀው ስልኬን ላፍ! ሽንኩርት የምትሸጠው እናት «ልጄ፣ ቦርሳሽ አፉን ከፍቷል» ባትለኝ ፍራንኮ ደርሼ ነበር የማውቀው። በኪሎ 5 ብር ላስቀንስ ብዬ ስንት እንደከሰርኩ እናንተው አስሉት።

ሌባውን ተዉት፣ እሱስ ሥራውን ነው የሠራው። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ኤቲኤም ካርዴና የቀበሌ መታወቂያዬ ስልኩ ኮቨር ውስጥ ነበሩ። አትስደቡኝ። የናንተንም ኮቨር ገልጣችሁ እዩት እስቲ። እሺ፣ አየነው አይደል?

አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ ሁኔታዬን አይቶ «እህቴ፣ እንኪ ደውዪ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው። ተቀበልኩና ቆምኩ። ለማን ልደውል? የባሌን ቁጥር አላውቀውም! ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እኔ «ሆዴ» የሚለውን ነው የምነካው። በቃሌ የማውቀው ልጅ ሆኜ ያጠናሁትን፣ በ022 የሚጀምረውን የእናቴን ቤት መደበኛ ስልክ ብቻ ነው። ደወልኩ። ማንም አያነሳም።

ባንክ ልደውል አልኩ። የባንኩ የጥሪ ቁጥር የት ነው የተጻፈው? ካርዱ ጀርባ ላይ። ካርዱ የት ነው? ሌባው ጋ። ልጁ በራሱ ዳታ ፈልጎ አገኘልኝ። ከዚያ ሙዚቃ። «እባክዎ ይጠብቁ፣ ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው።» ሙዚቃ። የልጁ ሒሳብ አለቀ። ካርድ ገዛሁለት፣ ሞላን፣ እንደገና ሙዚቃ። በመጨረሻ አንዲት ድምጿ ማር የሆነ ልጅ አነሳችና ምን አለችኝ? «እባክዎ ባስመዘገቡት ስልክ ቁጥር ይደውሉልን።»

የኔ እህት፣ ተሰርቋል እኮ ነው የምልሽ!

«እሺ እመቤቴ፣ እንግዲያው ማንነትዎን ለማረጋገጥ ኮድ ልኬልዎታለሁ፣ ይንገሩኝ።» ወዴት ነው የላክሽው? «ስልክዎ ላይ።» ባጃጁ ላይ ተቀምጬ ሳቄ መጣ። እንባዬም። ኮዱን የላከችው ለሌባው ነዋ! የባንኩን ስም አልጠራም፣ ገንዘቤ ገና እነሱ ጋ ነው።

ኢሜይሌንም ሞከርኩ፣ ከዚያ ሆኜ ስልኩን ከርቀት ለመቆለፍ። እዚያም ያው ነው፣ ኮዱ ስልኬ ላይ ይመጣል። እንግዲህ የጠፋውን በር ለመክፈት የጠፋውን ቁልፍ አምጪ ነው ነገሩ። ሁሉም ቦታ ያስመዘገብኩት ያንኑ አንድ ቁጥር ነበር። ከስልኩ ይልቅ ቁጥሩ እንደሆነ ዋናው ንብረቴ፣ ያን ቀን ገባኝ።

ቅደም ተከተሉንም የተሳሳትኩት ይህን ባለማወቄ ነው። ሰው ሁሉ «ባንክ፣ ባንክ» ይላል። መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ሲሙ ነው። እኔ «ስልኬ ፓተርን አለው፣ ማን ይከፍተዋል» ብዬ ተዝናንቼ ነበር። ሌባው ፓተርንሽን ምን ያደርግለታል? ሲሙን መዞ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ በስምሽ የሚላክ ኮድ ሁሉ እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ከማንም ስልክ ለምናችሁ ወደ ሲም ካርዱ ድርጅት ደውሉና አዘጉት። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700። ከዚያ ቴሌብርን በ127። ከዚያ ባንክ፣ ንግድ ባንክ ለሆናችሁ 951 ነው። አሁኑኑ በወረቀት ጽፋችሁ የቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስልካችሁ ላይ እንዳትመዘግቡት ብቻ!

ሌላው ደግሞ ሲሙ ራሱ ፒን አለው። የስክሪኑን አይደለም የምላችሁ፣ የሲሙን። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብትቆልፉት ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ፒን ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ የሚባል ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር ካልገባለት አይሠራም። ፒዩኬው ሲሙን ስትገዙ ፕላስቲኩ ላይ የነበረው ነው፤ እናንተም እንደኔ በዚያው ቀን ጥላችሁት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቃችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ የራሳችሁን ሲም ራሳችሁ ትቆልፉታላችሁ። ይህን ነገር በሠላሳ አምስት ዓመቴ ሰማሁት፣ እሱንም ከባጃጅ ነጂ። የኤቲኤም ካርዴ የሚስጥር ቁጥር የትውልድ ዓመቴ ነበር ስለው ደግሞ «እህቴ፣ መታወቂያሽ ላይ ያለው?» ብሎ በመስታወት አየኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

እኔ ሙዚቃ ሳዳምጥ ሌባው ቴሌግራሜን ከፍቷል። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አላስገባሁበትማ። ከዚያ ዘመድ ጓደኛ ሳይል ለሁሉም ጻፈ። አክስቴን «አክስቴ ደብረ ዘይት» ብዬ ነበር የመዘገብኳት፤ እሱም እንዳለ ገልብጦ «ሰላም አክስቴ ደብረ ዘይት፣ ቸግሮኝ ነው፣ 3,000 ብር ላኪልኝ» አላት። እኔ አክስቴን አንቱ ነው የምላት! ብሩ የሚገባበት ሒሳብ ደግሞ በማታውቀው ሰው ስም ነው። ላከች። በኋላ ስጠይቃት «ልጄ ቸገረኝ ስትል ስም ላጣራ እንዴ?» አለችኝ። ምን ትላታላችሁ?

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የስልኩን አይኤምኢአይ ቁጥር አምጪ አሉኝ። ባለ 15 አሃዝ ነው፣ *#06# ስትደውሉ ይመጣል፣ ካርቶኑም ላይ አለ። ካርቶኑን ልጄ የአሻንጉሊት አልጋ ሠርታበታለች። የአሻንጉሊቷን ፍራሽ አንስቼ ቁጥሩን ገለበጥኩ፣ ማስረጃውን ጻፉልኝ።

ሲም ለማስወጣት ደግሞ መታወቂያ። መታወቂያው ኮቨሩ ውስጥ። አዲስ ለማውጣት ማስረጃ፣ ፎቶ፣ ተራ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ያዳነኝ አሳትሜ ቁምሳጥን ውስጥ የረሳሁት ፋይዳ ነው። እሱን ይዤ ሰኞ ጠዋት ተሰልፌ ሲሜን በገዛ ቁጥሬ መልሼ አገኘሁ።

የባሌን አሮጌ ስልክ ተውሼ ሲሙን ከተትኩ። ኔትወርክ ገባ። የመጀመሪያው መልእክት ከባንኬ ነው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በቅዳሜው ጥሪዎ ያገኙትን አገልግሎት ከ1 እስከ 5 ባለው ይመዝኑ።»

0 ብዬ ላክሁ።

«የተሳሳተ ምርጫ። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»