የ15 ዩሮ ቤት፣ የ44 ዓመት ከንቲባ

በደቡብ ስፔን፣ ከሴቪያ ከተማ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ማሪናሌዳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 3,000 እንኳ አይሞላም። የራሷ የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ የላትም። ግድግዳዋ ላይ የቼ ጉቬራ ፊት ተስሏል። የመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ ይህንን ሥዕል ፎቶ ያነሳና ወይ «ገነት» ወይ «የኮሚኒስት ርዝራዥ» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። እኔን ከሥዕሉ ይልቅ የሚገርመኝ ቃሪያው ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አንዳሉሲያ ውስጥ ሰፋፊው መሬት ከጥንት ጀምሮ የጥቂት ባላባቶች ነው። ሌላው ሰው የቀን ሠራተኛ ነው። ወይራ ሲለቀም ይበላል፤ ለቀማው ሲያልቅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አምባገነኑ የስፔን መሪ ፍራንኮ ከሞተ በኋላ በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያው ነፃ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። ማሪናሌዳም አንድ ወጣት የታሪክ መምህር መረጠች፤ ሁዋን ማኑኤል ሳንቼዝ ጎርዲዮን። በዓመቱ 700 ያህል ነዋሪ «ረሃብን በመቃወም» የረሃብ አድማ መታ። ቀጥሎ ኤል ኡሞሶ የሚባለው የኢንፋንታዶ መስፍን እርሻ ላይ ተተኮረ። ሰዉ በእግሩ እየሄደ መሬቱ ላይ ይሰፍራል፣ ፖሊስ ያባርረዋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። በመጨረሻ በ1991 የክልሉ መንግሥት 1,200 ሄክታር ለከተማዋ ሰዎች እንዲሰጥ አደረገ። «መሬት ለአራሹ» ሲባል ላደገ አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይሆንም።

ቃሪያው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስንዴ ቢዘሩ ኖሮ አንድ ኮምባይነር በጥቂት ቀን አጭዶት ያልፋል፤ ሰው እንደገና ሥራ ፈት ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ገልብጠው አሰቡት። ብዙ ትርፍ የሚያስገኘውን ትተው ብዙ እጅ የሚፈልገውን ፈለጉ። ቀይ ቃሪያ፣ አርቲቾክ፣ ባቄላ፣ ወይራ። ቃሪያ በእጅ ይለቀማል፣ ይጠበሳል፣ ይላጣል፣ ይታሸጋል። ለዚህም የራሳቸውን ማሸጊያ ፋብሪካ ሠሩ። አንድ ፍሬ ቃሪያ ከማሳ ተነስቶ ብልቃጥ ውስጥ እስኪገባ ስንት ሰው እንደሚያበላ አስቡት። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውስጥ የሁሉም የቀን ክፍያ እኩል ነው። እኔ ይህንን ጎበዝ የሒሳብ ሥራ እለዋለሁ።

ቤቱም እንዲሁ። መሬቱን ማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል፤ የግንባታ ዕቃውን ወጪ በዋናነት የክልሉ መንግሥት ይችላል፤ ጉልበቱ የባለቤቱ ነው። ከዚያ በወር 15 ዩሮ ገደማ መክፈል ነው። ማድሪድ ውስጥ በዚህ ገንዘብ አንድ ምሳ ብትበላ ነው። ግን ቤቱን አትርፈህ መሸጥ የለም። የእኛ አገር ቤት ሠሪዎች ማኅበር አባላት ይህቺን ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ይታየኛል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። የማልቀበለው «ሁሉንም ራሳችን ሠራነው» የሚለውን ነው። የብሎኬቱን ገንዘብ የሚከፍለው ያው በየጊዜው የሚወገዘው መንግሥት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ከተማዋ የምትወስነው በጠቅላላ ስብሰባ፣ በአደባባይ፣ እጅ በማውጣት ነው። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ሥራና ቤት የሚደለደለው በዚያው አዳራሽ ከሆነ፣ ከንቲባው እያየህ ማን እጁን በተቃውሞ ያወጣል? የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ተቃዋሚዎችም ለዓመታት ያሰሙት አቤቱታ ይኸው ነው፤ ከስብሰባና ከሰልፍ የቀረ ከሥራ ተራ ይቀራል ይላሉ።

ጎርዲዮ በ2012 እሱ ያለበት የአንዳሉሲያ ሠራተኞች ማኅበር አባላት ከሱፐርማርኬት ምግብ በጋሪ ሞልተው ሳይከፍሉ ሲወጡ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበር። ያኔ የክልሉ ምክር ቤት አባልም ነበር። ዓለም ያወቀው በዚያ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ይልቅ የ2019 ምርጫ ብዙ ይናገራል። ከ11ዱ የከተማዋ ምክር ቤት መቀመጫዎች የእሱ ወገን 6፣ ተቃዋሚው 5 አገኘ። አደባባይ ላይ እጅ ሲወጣ ሁሉም አንድ የሚመስል ሕዝብ፣ ኮሮጆ ፊት ብቻውን ሲቆም ለሁለት ተከፈለ።

በ2023 ጎርዲዮ ከ44 ዓመት በኋላ ወንበሩን ለቀቀ። ወንበሩ ከወገኑ አልወጣም፤ ሰርሂዮ ጎሜዝ ሬየስ ተተካ። መሬቱን በእግራቸው ሄደው ያመጡት ሰዎች አርጅተዋል። ልጆቻቸው ያንን ሰልፍ የሚያውቁት በወሬ ነው። እነዚህ ልጆች ቃሪያ መላጡን መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። ሲጠየቁ ግን በወረቀት፣ በምስጢር ይሁን ባይ ነኝ።