ጢም ያበቀለው ሕፃን

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በማሳደግ ረገድ የእኛን ወላጆች ጥበብ የሚስተካከል አልተገኘም። ባለሙያዎች ጉርምስና ከመድረሱ በፊት ስለ ሰውነት ለውጥና ስለ ጾታ ጉዳይ በሥዕልና በአጭር ግልጽ ቃል ደጋግማችሁ አስረዱ እያሉ ሲደክሙ፣ እኛ ጉዳዩን «እሱ መልአክ ነው፤ ምን ያውቃል!» ብለን ከዘጋነው ቆይተናል። መልአኩ 16 ዓመት ሞልቶት፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ጢሙ አቆጥቁጦ ሳሎን ውስጥ ሲመላለስ እንኳ ውሳኔያችን ንቅንቅ አይልም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ ብዙ ልጆች ከጓዳ ወጥተዋል። የጉርምስናውን ወሬ ግን፣ ምስጋና ለጨዋነታችን ይሁንና፣ እዚያው ጓዳ አስቀርተነዋል።

በተለይ ሊደነቅ የሚገባው የሰላምታ ትምህርታችን ነው። ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ፣ ንክኪ እየጎረበጠውና ፊቱን እያዞረ፣ «ና እንጂ፣ እትዬን ሳማት!» እየተባለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይገፋል፤ እንቢ ማለት ነውር መሆኑንም ጎን ለጎን ይማራል። አድጎ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ እንዳስተማርነው ሲስማት ግን፣ ታክሲው በጩኸት ይናጣል፤ እኛም «ይህን ብልግና ከየት አመጣው?» ብለን አፋችንን እንይዛለን።

ለሴቶች ልጆች ያዘጋጀነው ትምህርት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ።» ቃልን እንደ ወረደ የምትቀበል ልጅ፣ አባቷ አስፋልት ሊያሻግራት እጇን ሲይዛት መሃል መንገድ ላይ ሆዷን ይዛ ብትጮህ፣ ትምህርቱ በሚገባ ገብቷታል ማለት ነው። የወር አበባዋ በመጣ ዕለት ልሞት ነው ብላ ስታለቅስም «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» የሚል ማጽናኛ ተዘጋጅቶላታል። እንዲህ ያሉ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ለጾታዊ ጥቃት የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናቶች ቢያሳዩም እኛን አያሰጋንም፤ የሰውነቷን ክፍል «እዚያ ጋ» ከማለት በቀር ስም ስላልሰጠነው፣ የነካት ቢኖር የት እንደነካት መናገሪያ ቃል የላትም፤ የቤተሰቡም ክብር አይጎድፍም።

በቅርቡ በአንድ ሠርግ ላይ የ17 ዓመት ጎረምሳ ሙሽራዋን እኅቱን አተኩሮ ሲያይ ቆየና ወደ እናቱ ዞሮ «እኔስ መቼ ነው የማገባው?» አላት። እናቲቱ ግራ ቀኝ ተመለከተች፤ ከዚያም ወጥ ጨመረችለት።