የሰማዩ ምስል ለሁሉም በእኩል ቀን ይከፈት

እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ላይ ሮበርት ዊሊያምስ ደፈር ያለ ውሳኔ ወሰኑ። የሀብል ቴሌስኮፕን ሥራ የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር ነበሩ። ለዳይሬክተሩ የሚተወውን የቴሌስኮፕ ጊዜ ወስደው ሀብልን ለ10 ቀን ባዶ በሚመስል አንድ የሰማይ ቁራጭ ላይ አነጣጠሩት። «ምንም ባይታይስ?» ብለው የሰጉ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ነበሩ። 342ቱ ፎቶዎች ሲደራረቡ ግን 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች ወጡ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዊሊያምስ ምስሉን ለራሳቸው ቡድን አላስቀሩትም። በጃንዋሪ 1996 ለዓለም ሁሉ ለቀቁት።

በጄምስ ዌብ የህዋ ቴሌስኮፕ ላይ ጊዜ ያገኘ ተመራማሪ ዛሬ መረጃውን አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ብቻውን ይይዛል። ይህ ይቅርና ሁሉም ወዲያው ይከፈት የሚሉ አሉ። እኔ እንደ ሀብሉ ምስል አንድ የሰማይ ክፍልን ለረጅም ሰዓት የሚያነሡ ጥልቅ የሰማይ ቅኝቶችን ለይተን እንያቸው እላለሁ። እነሱ ከመጀመሪያው ቀን የሁሉም መሆን አለባቸው። ኮስሞስ-ዌብ የተባለው የጄምስ ዌብ ቅኝት 255 ሰዓት ገደማ የቴሌስኮፕ ጊዜ ወሰደ፤ 800,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች ተመዘገቡበት። ይህን ሁሉ የትኛው ቡድን ብቻውን መርምሮ ይጨርሰዋል? ደግነቱ መረጃው ወዲያው ነው የተከፈተው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከተከፈተ መረጃ ሌላ መንገድ የለም። ይኸው ቅኝት ባነሣው፣ ኮስሞስ በሚባለው የሰማይ ክልል የተገኘው ሞም-ዜድ14 የተባለ ጋላክሲ የሚታየን ከታላቁ ፍንዳታ 280 ሚሊዮን ዓመት ያህል በኋላ በነበረበት መልኩ ነው። ብርሃኑ ሲነሣ አልትራቫዮሌት ነበር። ህዋ እየሰፋ ሲሄድ ሞገዱ ከ15 እጥፍ በላይ ተለጥጦ ኢንፍራሬድ ሆኖ ደረሰ። የእንጦጦ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ቢሆንም ከራሱ በላይ ያለው አየር ከዚህ ጨረር ብዙውን ይውጣል፣ አየሩ ራሱም በኢንፍራሬድ ያበራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ወደ እነዚህ ጋላክሲዎች የሚያደርሰው በር የመረጃ ማከማቻው ነው።

በትንንሽ ፕሮጀክቶች ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። አንድ ተማሪ ወራት ለፍቶ ጥያቄ ጽፎ፣ ተወዳድሮ ጥቂት ሰዓት ቢያገኝ፣ መረጃው በዚያው ቀን ቢከፈት ሃያ ሰው ያለው ቡድን በሳምንት ውስጥ ጽፎ ይቀድመዋል። የእሱ ኢንተርኔት ገና ፋይሉን እያወረደ ነው። እዚህ ላይ 12ቱ ወር ፍትሕ ነው።

ናሳ ከሜይ 2027 ሳያልፍ ለማምጠቅ ያቀደው የሮማን ቴሌስኮፕ መረጃውን በሙሉ፣ ለማንም የብቻ ጊዜ ሳይሰጥ፣ ለሁሉም ይለቃል። ካሜራው በአንዴ የሚያነሣው የሰማይ ስፋት ከሀብል ኢንፍራሬድ ካሜራ ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጣል። ያን ሁሉ ፋይል ወደ ላፕቶፕ ማውረድ አይታሰብም። ስለዚህ በሩ ከተከፈተ አይቀር፣ ተማሪው ፋይሉን ሳያወርድ መረጃው ባለበት ገብቶ የሚሠራበት ኮምፒውተርም በነፃ ይሰጠው።