እርማት፦ ዲፒአይን 300 ማድረግ ፎቶን አያጠራም

«የሠርግ ፎቶ መጽሐፍ በኦንላይን ከማዘዛችሁ በፊት የፎቶውን ዲፒአይ ከ72 ወደ 300 ቀይሩት፤ ኅትመቱ ይጠራል» የሚለው ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም እርማት ያስፈልገዋል። ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት) ፒክስሎቹ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ በወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚታተሙ የሚገልጽ ብቻ ስለሆነ፣ እሱን መለወጥ በፎቶው ውስጥ ያልነበረ ዝርዝር አይጨምርም። ወሳኙ የፒክስል ብዛት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገጽ በ300 ዲፒአይ 3,543 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ተልኮ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ፒክስል የወረደ ምስል ግን፣ በስልክ ላይ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ በዚያው ገጽ ላይ በአንድ ኢንች 108 ገደማ ፒክስል ብቻ ስለሚደርሰው፣ የሀበሻ ቀሚሱ ጥልፍና የእናት ፊት ደብዝዘው ይወጣሉ፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል። እባክዎ ፎቶ አንሺው ዋናውን ምስል በፋይል መልክ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።